የቧንቧ ኦርጋን ቀረጻ ለሚገዛ፦ የትኛው ከየትኛው ይሻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ «ኦርጋን» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ኪቦርድን ነው፤ ሰርግ ድንኳን ውስጥ የሚቆመውን፣ በኃይሉ መርጊያ ጣቶች የምናውቀውን የኤሌክትሪክ ኦርጋን። እዚህ የምናወዳድረው ሌላውን ነው፦ ከወናፍ የሚወጣ ነፋስ በመቶና በሺህ በሚቆጠሩ ቧንቧዎች እያለፈ የሚዘምርበትን፣ ከቆመበት ሕንጻ የማይነጠለውን መሣሪያ። ስሙ አንድ በመሆኑ ፒያሳም ይሁን ኢንተርኔት ላይ «ኦርጋን» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ያልፈለገውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያ፦ ሽፋኑ ወይም መግለጫው ላይ ኦርጋኑ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ወይም አዳራሽ፣ ከተማውና የሠሪው ስም ካልተጻፈ ይለፉት። ጠንቃቃ አሳታሚ ይህን ሳይጽፍ አይቀርም። ያልተጻፈበት አንዳንዴ ከኮምፒውተር የወጣ ድምፅ ነው።

ከተጫዋቹ ስም በፊት ደግሞ በምን እንደሚያዳምጡ ይወስኑ። 8 ጫማ (2.4 ሜትር ገደማ) የሆነ ክፍት ቧንቧ ዝቅተኛ ድምፁ 65 ኸርዝ (በሴኮንድ 65 ንዝረት) ያህል ነው። 16 ጫማው 33 ኸርዝ፣ 32 ጫማው 16 ኸርዝ ይደርሳል፤ የመጨረሻውን ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ወንበሩ ይሰማዋል። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ደግሞ የባሰ ጠባይ አለው፤ ፔዳሉ (በእግር የሚመታው፣ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው የኦርጋን ክፍል) ሲገባ ራሱን ለመከላከል ድምፁን በጠቅላላ ይቀንሳል፣ ቫዮሊኖቹም አብረው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ብዙ ሰው «ቀረጻው ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ ሄድፎን በትንሽ ገንዘብ ብዙ ያተርፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቤዙ ወለሉን አልፎ ጎረቤት ቤት አይገባም።

ኦርጋን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር

አብዛኛው ገዢ የሚጀምረው በፈረንሳዊው አቀናባሪ በካሚል ሴን ሳንስ 3ኛ ሲምፎኒ ነው (1886፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 35 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ኦርጋኑ በዝግታው ክፍል ከሥር እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይቆይና በማጠቃለያው ክፍል መግቢያ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይከፈታል። አራት ቀረጻዎችን ጎን ለጎን እንይ።

ሻርል ሙንሽ የቦስተን ሲምፎኒን እየመራ ቤርጅ ዛምኮቺያን ኦርጋን የተጫወተበት የ1959 ቀረጻ፣ ኦርጋኑና ኦርኬስትራው በአንድ አዳራሽ አብረው የተነፈሱበት ነው። በዝግታው ክፍል ፔዳሉ ሳይጮህ ክፍሉን ይሞላል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ይግዛ። በኤስ ኤ ሲ ዲ (ጥራቱ ከፍ ባለ የሲዲ ዓይነት) የወጣው እትም በተራ ሲዲ ማጫወቻም ይሠራል፤ የደቡሲና የኢቤር ሥራዎችም አብረውት አሉ። ፖል ፓሬ በዲትሮይት የመራው የ1957 ቀረጻ ደግሞ ቀልጠፍ ያለ፣ ደረቅና ግልጽ ነው። ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ማርሴል ዱፕሬ የፓሪሱ ሴን ሱልፒስ ኦርጋኒስት ነበር። ማሚቶ የሚያደክመው፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ መስማት የሚወድ ሰው ይህኛውን ይመርጣል። ለትንሽ ስፒከርም ከሙንሽ ይልቅ የሚስማማው እሱ ነው፤ ዋናው ነገር ቤዙ ላይ አልተጫነምና።

ሌሎቹ ሁለቱ የተገጣጠሙ ናቸው። ባረንቦይም ኦርኬስትራውን ቺካጎ ላይ ቀርጾ፣ ኦርጋኑን ጋስቶን ሊቴዝ ፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ውስጥ ተጫውቷል። ካራያንም በርሊን ላይ ቀርጾ የፒየር ኮሽሮን ኦርጋን ከፓሪሱ ኖትር ዳም አመጣ። ጉዳዩ ማጭበርበር አይደለም፤ ታላቅ ኦርጋን ያለበት አዳራሽና ታላቅ ኦርኬስትራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም። ችግሩ የሚታወቀው ኦርጋኑ ሲያቆም ነው፤ የካቴድራሉ ማሚቶ ኦርኬስትራው ዝም ካለ በኋላም ይንጠለጠላል፣ ሁለት ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ ያስታውቃል። ቅኝቱም ራስ ምታት ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ዋና ቧንቧዎቹ ከግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት) 3 በመቶ ያህል ከፍ ይላሉ፣ ስለዚህ በተለያየ ቀንና አገር የተቀረጹትን ማስማማት ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ያም ሆኖ የባረንቦይም ማጠቃለያ ጉልበት የሚደነቅ ነው፤ ከሙንሽ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ቢገዛ አያስቆጭም። የካራያኑን ግን በመጀመሪያ ግዢነት አንመክርም።

ኦርጋን ከትንሽ ቡድን ጋር

የፍራንሲስ ፑላንክ የኦርጋን ኮንሰርቶ (አንድ መሣሪያ ከቡድን ጋር የሚጫወትበት ድርሰት፤ 1938) ከኦርጋኑ ሌላ የክር መሣሪያዎችና ቲምፓኒ የሚባሉት ትላልቅ ከበሮዎች ብቻ አሉት። ሞሪስ ዱሩፍሌ በሴንት ኤትየን ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን፣ በዦርዥ ፕሬትር መሪነት በ1961 የተጫወተው ቀረጻ ልዩ ክብደት አለው፤ ሥራው መጀመሪያ ለሕዝብ ሲቀርብ የተጫወተው እሱ ራሱ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ቦታ የትኛው ቧንቧ እንደሚከፈት አቀናባሪውን ያማከረውም እሱ ነው። ድምፁ ዕድሜው ያስታውቃል፤ ከፍ ሲል ጥቂት ይሻክራል። ለዚህ ሥራ ግን ያንን ሻካራነት ከጠራ ግን ቀዝቃዛ ቀረጻ አብልጠን እንወስዳለን።

ሄንደል ሌላ ዓለም ነው። በ1738 የታተሙት ስድስቱ የኦፐስ 4 ኮንሰርቶዎች ለትንሽ፣ ፔዳል ለሌለው ኦርጋን የተጻፉ ስለሆኑ በመካከለኛ ስፒከር እንኳ የሚጎድልባቸው ጥቂት ነው። ሳይሞን ፕሬስተን ከትሬቨር ፒኖክ ቡድን ጋር የቀረጸው ንጹሕና የተመጣጠነ ነው። ቶን ኮፕማን ራሱ እየተጫወተ የሚመራው ደግሞ ጌጥ የሚያበዛ፣ ተጫዋች መንፈስ ያለው ነው። በኋላ በወጡት በኦፐስ 7 ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሄንደል ብዙ ቦታ ባዶ ትቶ «ኦርጋኑ እንደፈቀደ» ብሎ ጽፏልና ተጫዋቹ ከራሱ ይሞላል። ሁለቱን ሲያወዳድሩ ዜማው ቢለያይ ስሕተት አይደለም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ አብሮ ለመለማመድ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ በጥንት መሣሪያዎች የሚቀረጹት ብዙውን ጊዜ መሣሪያ የሚቃኝበትን «ላ» የተባለውን ድምፅ በ415 ኸርዝ ይቃኛሉ፤ ከ440ው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል።

ትራምፔትና ኦርጋን የሚፈልግ ሞሪስ አንድሬ ከማሪ ክሌር አላን ጋር ያደረጓቸውን ይፈልግ። ለጀማሪም ለስጦታም ይሆናሉ።

መዘምራን የሚወድ ሰው ዱሩፍሌ ራሱ የደረሰውን ሬኩዬም (የሙታን ቅዳሴ ዜማ) ሲገዛ ሦስት ዓይነት መኖሩን ይወቅ፦ ከሙሉ ኦርኬስትራ፣ ከአነስተኛ ቡድን፣ ከኦርጋን ብቻ ጋር። ሽፋኑ ፊት ለፊት ላይ ብዙ ጊዜ አይለየውም፤ ጀርባውን ያንብቡ።

ብቸኛ ተጫዋች

ለባኽ ሁለት ስሞች ይበቃሉ። ሄልሙት ቫልኻ ዓይነ ስውር ነበር፤ እያንዳንዱን የዜማ መስመር ለየብቻ በቃሉ ይዞ ነበር የሚያዋሕደው፣ ይህም ቀረጻው ላይ ይሰማል። አራት ዜማዎች አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን ይሄዳሉ። የባኽን የኦርጋን ሥራዎች ሁለት ጊዜ ቀርጿል፤ የመጀመሪያው ሞኖ፣ ከ1956 ጀምሮ ያለው ስቴሪዮ ነው። ርካሽ ሣጥን ሲያገኙ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። ማሪ ክሌር አላን እነዚህኑ ሥራዎች ሦስት ጊዜ ቀርጻለች፤ ሦስተኛው በታሪካዊ ኦርጋኖች የተሠራው ነው። እሷ ሐረጉን ታስተነፍሳለች፣ እሱ ይገነባል። ፉጋ (አንድ ዜማ በየመስመሩ ተራ በተራ እየገባ የሚደራረብበትን ድርሰት) ለማጥናት ቫልኻ፣ ማታ ቁጭ ብሎ ለመስማት አላን።

በምን መልክ ይገዛ?

የኦርጋን ረጅም ድምፅ የማጫወቻን ጉድለት ያለ ርኅራኄ ያጋልጣል። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ የቆየው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ቴፑ ስለተሳበ ነው። ሸክላ ላይ ደግሞ የሴን ሳንስ ማጠቃለያ የሚያርፈው መርፌው ወደ መሐል በተጠጋበት፣ ድምፅ በሚሻክርበት ቦታ ነው። ሲዲ ወይም ፋይል ይሻላል። 35 ደቂቃው በ128 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 34 ሜጋ ባይት፣ በ320 ኪሎ ቢት 84፣ በፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያጭቅ የፋይል ዓይነት) 200 ገደማ ይሆናል። 128ቱ ላይ የማሚቶው ጅራት እንደ ውኃ ይንቦጫረቃል፤ ዳታ ለመቆጠብ ከ256 በታች አይውረዱ። ትራኮች መካከል ክፍተት የሚያስገባ አፕም አይጠቀሙ፤ የዝግታው ክፍል ከፊተኛው ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነው።

በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ያስገዛል። ሲፈልጉ የአሳታሚው ስም መለወጡን አይርሱ፦ የቀድሞው ኢ ኤም አይና ኤራቶ ዛሬ በዋርነር፣ አር ሲ ኤ በሶኒ ስም ይወጣሉ። ሻንጣ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ የላስቲክ ማቀፊያው ስለሚሰበር ዲስኩንና ቡክሌቱን አውጥተው በወረቀት ኪስ ያድርጓቸው፤ በፖስታ ከሆነ ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ስም ይጻፍበት። እጅዎ እንደገባ የመጨረሻውን ትራክ አስቀድመው ይሞክሩ። ሲዲ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚነበብ የጠርዙ ጭረትና የጣት አሻራ የሚያርፍበት እሱ ነው፤ የድምፁንም ከፍታ ኦርጋኑ በሙሉ ኃይሉ በሚከፈትበት ትራክ ይመጥኑ፣ በጸጥተኛው መግቢያ ከመጠኑት ኦርጋኑ ሲከፈት ስፒከሩን ይጎዳል።