ለኒሳን 350ዜድ የትኛው ፍሬን? ቀዩ ኪት፣ ያገለገለ አኬቦኖ ወይስ ሸራና ዘይት

ኒሳን 350ዜድ የሚባለው የስፖርት መኪና ዋጋው ከወረደ ወዲህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ወጣቶቻችን እየተሻሙበት ነው። መኪናው እጃቸው በገባ በወሩ ስልኬ ይጮኻል፦ «ጋሼ፣ ፍሬኑን ልቀይረው ነው፤ የትኛውን ኪት ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻው መመለስ ስለታከተኝ ይኸው ጻፍኩት። መልሴን ላቆየው አልፈልግም፦ አብዛኞቻችሁ ኪት፣ ማለትም ትልልቅ ካሊፐርና ዲስክ ያለው የፍሬን ስብስብ፣ አያስፈልጋችሁም። ጥሩ ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይትና ደህና ጎማ ይበቃችኋል። ቀይ ካሊፐር (ሸራውን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ዕቃ) በቸርኬው መሀል ብቅ ብሎ እንዲታይ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም በ20 ዶላር ይገኛል። ቀቡትና እንታረቅ።

ገበያው ላይ የሚያከራክሩን ምርጫዎች አራት ናቸው። አንደኛው መኪናው ይዞት የመጣውን ካሊፐር ሳይነኩ ሸራውን፣ ዘይቱንና ካስፈለገም የዘይቱን ቱቦ መቀየር ነው። ሁለተኛው ከ350ዜድ በኋላ ከመጣው ከ370ዜድ ስፖርት ወይም ከኢንፊኒቲ ጂ37 ስፖርት የተፈታ፣ አኬቦኖ የተባለው የጃፓን አምራች የሠራው ያገለገለ ፍሬን ነው። ሦስተኛው ከታወቀ አምራች የሚገዛ አዲስ ትልቅ ኪት ነው። አራተኛው በኢንተርኔት ገበያ የታወቀው የጣሊያን ፍሬን አምራች የብሬምቦ ስም ተለጥፎበት በ600 እና በ700 ዶላር መካከል የሚሸጠው ቀይ ነገር ነው። እሱን ምርጫ ማለት ይከብደኛል፤ ነገር ግን ልጆቹ መጀመሪያ የሚልኩልኝ ፎቶግራፍ የእሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

በመጀመሪያ ምን እንዳላችሁ እወቁ። ከ2003 እስከ 2005 የተሠራው ተራው 350ዜድ ከፊት 296 ሚሊሜትር ዲስክ አለው፤ ለመኪናው ክብደት ትንሽ ነው ቢባል አልከራከርም። ከ2006 ወዲህ ያለው 320 ሚሊሜትር ነው። ትራክ የሚባለው ሞዴል ደግሞ ከፋብሪካው ብሬምቦ ተገጥሞለት ነው የወጣው፤ ከፊት 324 ሚሊሜትር ዲስክና ሸራውን የሚገፉ አራት ፒስቶኖች፣ ከኋላ ሁለት ፒስቶን። ይህ ያለው ሰው ኪት ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ እቆጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪናውን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የያዘበት ጉልበት ነው። ያላችሁ ፍሬን ኤቢኤሱን (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን) ማስነሣት ከቻለ፣ ማለትም መርገጫው ከእግራችሁ ሥር መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ጎማው ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ 355 ሚሊሜትር ዲስክ ብታስሩ አንድ ጊዜ ፍሬን ስትይዙ የሚያጥር ርቀት የለም። ትልቅ ፍሬን የሚጠቅመው ሙቀት ሲደጋገም ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው አራት እጥፍ ሙቀት ያሸክመዋል። የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል የወረደ የከባድ መኪና ሾፌር ይህንን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ፍሬን የሚከዳው ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሲያጣ ስለሆነ በከባድ ማርሽ ይወርዳል።

እንግዲህ እናንተ ይህን ያህል ሙቀት የት ታገኛላችሁ? በዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመወዳደሪያ መንገድ ላይ ታገኛላችሁ፤ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቀጥታ መንገድ ከበረራችሁ በኋላ የመጀመሪያው ኩርባ አለ፣ በየዙሩም እዚያው ቦታ ላይ በሙሉ ኃይል ትረግጣላችሁ። በአውራ ጎዳና 66 ላይ ግን አታገኙትም። ቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳትን እንደ ወንጀል ነው የምትቆጥረው፤ ትኬት ከፍሎ መገላገል የለም፣ ዳኛ ፊት መቆም አለ። ወደ ሥራ እየሄዱ ለመወዳደሪያ መንገድ የተሠራ ፍሬን መሸከም ገንዘብ መበተን ነው።

በመወዳደሪያ መንገድም ቢሆን መጀመሪያ የሚከዳው ካሊፐሩ አይደለም። ፍሬኑ ሲደክም መርገጫውን ልብ በሉት። መርገጫው ጠንካራ እንደሆነ መኪናው አልቆም ካለ፣ ሸራው ከሚችለው ሙቀት በላይ አልፏል። መርገጫው ከለሰለሰና ወደ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ በገባበት ቁጥር መፍያው ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ነው። ዶት 3 ከዚህም ያንሳል፤ 205 እና 140። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እናንተ ትረግጣላችሁ፣ የሚጨመቀው እንፋሎቱ ነው። ሞቱል አርቢኤፍ 600 የሚባለው አዲስ ሳለ 312 ዲግሪ ይችላል፤ ግማሽ ሊትሩ ከ20 እስከ 25 ዶላር ነው። 4,000 ዶላር በፈጀ ኪት ውስጥ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ካለ በ25 ዶላር ዘይት የሚሄደው አሮጌ ካሊፐር ይበልጠዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዶት 5 ከቁጥሩ ትልቅነት የተነሣ የተሻለ ይመስላል፤ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ ላለው መኪናም አይሆንም። ዶት 5.1 ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይሆናል።

ሒሳቡን እንሥራው። እንደ ሆክ ኤችፒኤስ ያለ የመንገድ ሸራ ለፊትና ለኋላ ከ150 እስከ 200 ዶላር ያስወጣል። ዘይት ሁለት ጠርሙስ፣ 50 ዶላር። በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ለአራቱም ጎማ 120 አካባቢ፤ አሮጌው የላስቲክ ቱቦ ካልተሰነጠቀ ይህን ማቆየት ይቻላል። ዲስኩ ከተበላ ለስላሳውን፣ ያልተበሳውን ግዙ፤ አራቱም ከ300 ዶላር እምብዛም አይዘሉም። ሁሉም ተደምሮ 700 ዶላር አይሞላም፤ ዲስኩ ደህና ከሆነ 400 ይበቃል። በወር አንድ ቀን ወደ መወዳደሪያ መንገድ ለሚሄድ ሰው በዚህ ላይ 250 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ለዚያ የተሠራ የፊት ሸራ ይጨመርለት፤ ጠዋት ይገጥመዋል፣ ማታ ይፈታዋል። ያንን ሸራ ለብሶ ወደ ሥራ የሚሄድ ግን ፍሬኑ ሳይሞቅ መጀመሪያ ቀይ መብራት ላይ ይደነግጣል፤ ጩኸቱንም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ስለ ቀዩ ኪት ደግሞ ስሙኝ። አንድ የማውቀው ልጅ በ640 ዶላር ገዝቶ ሊያስገጥመኝ አመጣው። ከካርቶኑ ሲወጣ ያምራል፤ ስድስት ፒስቶን፣ ደም የመሰለ ቀለም፣ ትልልቅ ነጭ ፊደል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በጥፍሬ ፊደሉን ስነካው ጠርዙ ተነሣ፤ ተለጣፊ ነው። ፒስቶኖቹ ዙሪያ አቧራና ጨው የሚከለክል ጎሚኒ የለም። የዘይት መግቢያውን በባትሪ ሳበራበት ሲቦረቦር የቀረ የአሉሚኒየም ቅርፊት ውስጡ ተንጠልጥሏል። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር፦ ሁለቱም ካሊፐሮች የአንድ ጎን ናቸው። በግራ በኩል ሲታሠር አየር የሚወጣበት ብሎን ከታች ይውላል። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መርገጫውን ብትረግጡ ከዚያ ካሊፐር አየር አይወጣም። አልገጥምም አልኩት። ሌላ ቦታ አስገጠመው። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ፒስቶን አልመለስ ብሎ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ቀረ፤ ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ነው ጋራዥ የደረሰው። ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል፣ የቸርኬው ቋት ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ተበላሽቷል። ሻጩን ሲፈልገው ማስታወቂያው ተነሥቷል። ምትክ ሸራ ልግዛለት ብንል ቅርጹ ከማንም አምራች ሸራ ጋር አልገጠመም፤ ሸራ የማይገኝለት ካሊፐር ደግሞ ሸራው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው ካሊፐር የሚባለው። በአጠቃላይ ያወጣው ያገለገለ አኬቦኖ ይገዛለት ነበር።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ብዙ እውቀት አያስፈልግም፤ ዋጋው ራሱ ይናገራል። ብሬምቦ ለዚህ መኪና የሚሸጠው አዲስ የፊት ኪት በሺህ ዶላር ቤት ሦስትና ከዚያ በላይ ነው፤ በ640 የሚሸጥ አዲስ የለም። ኦሪጅናሉ ኮድ ካለው ካርድ ጋር ይመጣል፤ ኮዱን በኩባንያው ድረ ገጽ አስገብቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ካርዱ የት አለ ስትሉት ሻጩ ከዘገየ ጨዋታው አልቋል።

አኬቦኖውን ግን አከብረዋለሁ። ከፊት አራት ፒስቶንና 355 ሚሊሜትር ዲስክ፣ ከኋላ ሁለት ፒስቶንና 350 ሚሊሜትር። ኒሳን ራሱ ለፊትና ለኋላ መዝኖ ያስገጠመው ስለሆነ ሚዛኑ አይዛባም፣ ሸራውም የትም ይገኛል። ሸራ ለመቀየር ካሊፐሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ፒኖቹን አውጥቶ ከላይ መምዘዝ ነው። ያልተነገረላችሁ ወጪ ግን አለበት። አራቱ ካሊፐሮች 700 ዶላር ቢገኙ፣ የአሮጌ ፒስቶን ጎሚኒ መቀየሪያ 100፣ ዲስኮቹ 400 ገደማ፣ ሸራ 250፣ ቱቦ 120፣ ዘይት 50 ይጨመራል፤ 1,600 ዶላር አለፈ። ከኋላ ደግሞ ወጥመድ አለ፦ የእጅ ፍሬኑ ሸራ ከዲስኩ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የ350ዜድ ሸራ መጠን ከ370ዜድ ዲስክ ጋር አይገጥምም። ወይ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዲስክ ትገዛላችሁ፣ ወይ የእጅ ፍሬኑን ዕቃ ትቀይራላችሁ። ይህንን ሳያውቁ ገጥመው ቁልቁለት ላይ ያቆሙ ሰዎች አሉ። ከዚያ ቸርኬው፦ 17 ኢንች አይታሰብም፤ 18 ኢንችም ቢሆን ከካሊፐሩ ጋር የሚላተም ብዙ ነው። አዲስ ቸርኬና ጎማ ከተጨመረ ሒሳቡ ከ2,500 ዶላር በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቸርኬያችሁን እዩ የምለው።

አዲሱን ትልቅ ኪት በአጭሩ ልለፈው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም የጥሩ ዕቃ ነው። አብዛኛው ሰው ገንዘቡ ስለማይበቃው የፊቱን ብቻ ይገዛል፤ የፊቱ ጉልበት ከኋላው አለቅጥ ሲበልጥ የኋላ ጎማዎች ሥራ ይፈታሉ፣ ከበፊቱ በረዘመ ርቀት የምትቆሙበት አጋጣሚም አለ። በሁለት ቁራጭ የተሠራው ዲስክ ሲያልቅ የውጪው ቀለበት ብቻውን ለአንዱ ጎን 200 እና 300 ዶላር ይጠይቃል። ኪት ስትገዙ የመጀመሪያውን ዋጋ ሳይሆን የሁለተኛውን ዲስክ ዋጋ ጠይቁ።

የተበሳ ዲስክ የሚወድም አለ። ለዓይን ያምራል፤ ሙቀት በደረሰበት ጊዜ ግን ስንጥቁ ከቀዳዳው ጠርዝ ይጀምራል። መሪው በፍሬን ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ዲስኩ ተጣመመ ብሎ የሚጥለውም ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም፣ ሸራው ወጥ ባልሆነ ሁኔታ ላዩ ላይ ተለጥፎበት ነው። ስለዚህ አዲስ ሸራ ስታስገቡ ባዶ መንገድ ፈልጋችሁ መኪናውን ከመካከለኛ ፍጥነት ወደ ዝግታ በፍሬን ደጋግማችሁ አውርዱት፤ ሲሞቅ ግን መርገጫውን ረግጣችሁ ፈጽሞ አትቁሙ፤ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት።

400 ዶላር ያለው ሸራና ዘይት ይግዛ። 1,600 ያለው፣ ቸርኬው የሚፈቅድለትና ሰሚት ፖይንት አዘውትሮ የሚሄድ አኬቦኖ ይግዛ። ገንዘቡ ኖሮት መወዳደሪያ መንገድ ረግጦ የማያውቅ ጥሩ ጎማ ይግዛና በተረፈው የአንድ ቀን ሥልጠና ይክፈል። አኬቦኖ ለማየት ስትሄዱ ትንሽ ባትሪና የእንጨት ቁራጭ ያዙ፦ ግራጫ ቀለሙ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ብዙ ሙቀት አይቷል፤ የፒስቶኑን ጎሚኒ በጣት ስትነኩት ከተሰባበረ ከዋጋው ላይ 100 ዶላር አስቀንሱ፤ አንዱን ፒስቶን በእንጨቱ ገፋ አድርጋችሁ አልንቀሳቀስ ካለ ካሊፐሩ ዝጓልና ለሻጩ መልሱለት።