የቆመ ዘመንና የሚጓዝ ዘመን፦ «ሃርትቢት» እና «ኩዌንታሜ ኮሞ ፓሶ»

የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ድራማ «ሃርትቢት» እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2010 በ18 ምዕራፎች ሲተላለፍ ታሪኩ በሰሜን እንግሊዝ ካለችው ከ1960ዎቹ ዮርክሻየር አልወጣም። የስፔኑ «ኩዌንታሜ ኮሞ ፓሶ» ግን ከ2001 እስከ 2023 በ23 ምዕራፎች የአልካንታራን ቤተሰብ ከ1968 አስነሥቶ ዓመት በዓመት አሻግሯል።

ተመልካቾች ሁለቱንም እየወደዱ የሚያማርሩት በተቃራኒ ምክንያት ነው። በ«ሃርትቢት» የገጠሩ ፖሊስ ጣቢያ፣ መጠጥ ቤቱና የዘመኑ ሙዚቃ ሳይለወጡ ይጠብቃሉ፤ ይህም ለደከመ ሰው ዕረፍት ቢሆንም፣ አንድ አስርት ዓመት ለ18 ዓመታት ሲለጠጥ፣ በተለይም ዋናው ተዋናይ ኒክ ቤሪ ከለቀቀ በኋላ፣ ፊቶች እየተቀያየሩ ዘመኑ ብቻ አለማለፉ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የስፔኑ ድራማ ይህን ችግር አያውቀውም። የስፔኑ አምባገነን መሪ የፍራንኮ አገዛዝ የመጨረሻ ዓመታት፣ የ1975 ሞቱና ወደ ዴሞክራሲ የተደረገው ሽግግር በአንድ ቤት ማዕድ ዙሪያ ያልፋሉ፤ የቤተሰቡን ልጅ ካርሎስን የተጫወተው ሪካርዶ ጎሜዝም በተመልካቹ ዓይን ፊት ከሕፃንነት ወደ ጎልማሳነት አድጓል። ሆኖም ታሪኩ ወደ ቅርቡ ዘመን በተጠጋ ቁጥር ናፍቆቱ ይሳሳል፤ በአንድ ቤተሰብ ላይ የሚደራረበው መከራም (እኔንም ጭምር) ያሰለቻል። እንዲያም ሆኖ ምረጥ ብባል ይህኛውን እመርጣለሁ፤ «ሃርትቢት»ን ግን ከየትኛውም ክፍል ጀምሮ ማየት ይቻላል።