ሻርሎትስቪል፦ ከዲሲ ብዙም ሳይርቁ ወይኑም ተራራውም

ዲሲና አካባቢው ያለን ሰዎች ተራራ እንይ ካልን የምናደርገው ያው ነው፣ በኦክቶበር ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭ ወጥተን ፎቶ ተነስተን በዛው ቀን ትራፊኩ ውስጥ ገብተን መመለስ። እኔ የምላችሁ ግን ወረድ በሉና ሻርሎትስቪል እደሩ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለዊኬንድ ከዚች ከተማ የተሻለ እስካሁን አላየሁም።

በሀይዌይ 66 ወጥታችሁ 29ን ይዛችሁ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። መኪና ለሌለው ከዩኒየን ስቴሽን አምትራክ አለ፣ ከተማው መሀል ነው የሚያወርደው፣ ከዳውንታውን ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያለው ትሮሊ ባስ ደሞ ነፃ ነው። ዳውንታውን ሞል የሚባለው መኪና የማይገባበት በጡብ የተነጠፈ መንገድ ነው፣ ሬስቶራንቶቹ ዛፍ ጥላ ስር ጠረጴዛ አውጥተው ልጆቹ እየሮጡ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ። እዛው አጠገብ በ2017 በነጭ ዘረኞቹ ሰልፍ ቀን እነሱን ልትቃወም የወጣችው ሄዘር ሄየር በመኪና የተገደለችበት መንገድ አለ፣ አሁን በስሟ ተሰይሟል፣ ግድግዳው ላይ ሰው በቾክ ይፅፍላታል፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ወደ ወይኑ ስመጣ፣ በኋላ የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዝዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በ1770ዎቹ ፊሊፖ ማዜይ ከሚባል ጣሊያናዊ ጋር እዚህ ወይን ሊያለማ ሞክሮ አልሆነለትም ነበር፣ ከሁለት መቶ አመት በኋላ በ1976 ሌሎች ጣሊያኖች፣ የዞኒን ቤተሰብ፣ ባርበርስቪል ላይ ተክለው አሳኩት። ዛሬ በዙሪያው የወይን እርሻ ሞልቷል። ባርበርስቪል ግቢ ውስጥ ጄፈርሰን ዲዛይን ያደረገው የአንድ የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ቤት ፍርስራሽ አለ፣ በ1884 በገና ቀን ተቃጥሎ ግንቡ ብቻ ነው የቀረው፣ ከቴስቲንጉ በፊት ዞር ዞር በሉበት። ቀዩን የምትወዱ ኦክታገንን ሞክሩ፣ ዋጋው ከበድ ይላል ግን ወይኑ የምር ወይን ነው። እናቴ ግን ቀይ ወይን ይጎመዝዘኛል ባይ ስለሆነች ቪዮኜ የሚባለውን ነጩን አስቀዳንላት፣ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ "ኧረ ይሄ ኮክ ነው!" አለች፣ ቀመሰችው ግን ስኳር የሚባል የለውም፣ ሽታው ብቻ ነው የኮክ ፍሬ፣ ደግማ አሸተተችና ሳቀች፣ አንድ ጠርሙስ ገዝተን ወጣን። ክሮዜ አካባቢ ያለው ኪንግ ፋሚሊ ደሞ በበጋ እሁድ እሁድ ፖሎ ያጫውታል፣ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ ሳር ላይ ቁጭ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ወይን ቤቶቹ ምግብ ሲሉ አይብና የአሳማ ስጋ ይበዛዋል፣ ፆም ላይ ከሆናችሁ ወይም አሳማ የማትበሉ ከሆነ በልታችሁ ሂዱ። ሹፌሩም የማይጠጣ ይሁን፣ መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፣ ማታ ደሞ አጋዘን ዘው ይልባችኋል።

ተራራውን በጠዋት አድርጉት። ሮክፊሽ ጋፕ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ከከተማው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን የሼናንዶዋ ፓርክ ነው፣ ለመኪና 30 ዶላር ከፍላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ትገቡበታላችሁ፣ ወደ ደቡብ ደሞ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ አለ፣ እሱ ነፃ ነው። ሀምፕባክ ሮክስ የሚባለው እዛ ነው፣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ጫማ ይኑራችሁ። የፓርኩ ትልቁ ጫፍ እንኳን 1,235 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ራሷ እጥፉን ልትሆን ምንም አልቀራት፣ ግን ሸንተረሩ ሰማያዊ ሆኖ አንዱ ካንዱ ጀርባ ተደራርቦ ሲታይ ከፍታውን ማንም አይጠይቅም።

የጄፈርሰን መኖሪያ የነበረው ሞንቲሴሎ ከሄዳችሁ ቤቱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ጄፈርሰን በህይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል፣ ስለነሱ የሚተረክበት ጉብኝት አለ እሱን ያዙ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የባሪያ ሰራተኞች መታሰቢያ ግን እኔን የበለጠ ነክቶኛል። ክብ ግራናይት ነው፣ ስማቸው የታወቀው ተፅፏል፣ ያልታወቀው ቦታ ላይ ድንጋዩ ተሰንጥሮ ባዶ መስመር ብቻ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ጋ ደሞ የሚሰራው ስራ ወይ የማን ዘመድ እንደሆነ ብቻ። በውጪው ጎን የኢዛቤላ ጊቦንስ አይኖች ተቀርፀዋል፣ እዛው በባርነት ሰርታ ነፃ ከወጣች በኋላ አስተማሪ የሆነች ሴት ናት፣ ብርሃኑ በትክክል ካልመጣ አይታዩም፣ ትንሽ ዞር ዞር እያላችሁ ፈልጓቸው። ልጆቻችሁን ውሰዱና አሳዩልኝ፣ እባካችሁ።

የማልወደው ሆቴሉን ነው። በምረቃ ሰሞንና በኦክቶበር ዋጋው ይሰቀላል፣ እኛ ያረፍንበት ደሞ ኦንላይን ያልነበረ የፓርኪንግ ሂሳብ ስንወጣ ጨመረብን፣ ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነም ተራራውን ተሻግራችሁ ዌይንስቦሮ ፈልጉ። እሁድ ስትመለሱ ከምሳ በፊት ተነሱ፣ 29 ጌይንስቪል አካባቢ ከሰዓት ይጨናነቃል።