ለጀማሪ የሚሆን የኤሌክትሪክ ጊታር፦ የስኩዌር ሶኒክ ስትራቶካስተር ሙሉ ጥቅል ከስምንት ወር በኋላ

አንድ ጀማሪ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመማር የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ካርቶን አሽጎ መሸጥ ብዙ ቤተሰብን ከድካም አድኗል፤ ጊታሩ፣ ትንሹ አምፕሊፋየር፣ ገመዱ፣ ማንገቻው፣ ቦርሳውና ክር መምቻው ፒክ በአንድ ዋጋ ስለሚመጡ የቱ ከየትኛው ጋር ይሄዳል ብሎ መጨነቅ አይኖርም። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ካርቶኖች ቤታችን ገብተዋል። የመጀመሪያው የእህቴን ልጅ ከጊታር ጋር ሊያቆራርጣት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሁለተኛው ግን ይኸው ስምንት ወሩ፣ ከእጇ አልወጣም። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ያለው የካርቶኑ ሥዕል ላይ በማይታዩ ሁለት ነገሮች፣ በክሮቹ ከፍታና አምፕሊፋየሩ በሚያገኘው ቮልት ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የገዛነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስሙን መጥቀስ ከማልፈልገው ሱቅ ነው። ጊታሩ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚስብ ነበር፤ ራሱ ላይ የተጻፈውን የአምራች ስም ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የትም አይቼው አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ የግራ እጇን ጣቶች ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጫፋቸው ላይ ክሩ የሠራው ቀይ መስመር ሰምበር አውጥቶ ነበር። «አጎቴ፣ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚያመው?» አለችኝ። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጣቱን እንደሚያመው ስለማውቅ «ይለመዳል» ብዬ ሸኘኋት፤ ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሰነበትኩ በኋላ ማስመሪያ አምጥቼ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ስለካው ወደ 4 ሚሊሜትር ተጠጋ። በወጉ በተስተካከለ የኤሌክትሪክ ጊታር ይህ ክፍተት ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነት የምትባለው፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉባት ነጭ ቁራጭም ቦዮቿ በበቂ ጥልቀት ስላልተቆረጡ የመጀመሪያውን ፍሬት መጫን የአጥር ሽቦ እንደ መጫን ነበር። ጉዳቱ በጣት ብቻ አያበቃም፤ ከፍ ብሎ የተወጠረ ክር ወደ ታች ሲጫን ስለሚለጠጥ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ሳይጫኑ በትክክል የተቃኙት ስድስት ክሮች ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያዝባቸው እርስ በርስ ይጣላሉ። ልጅቷ ጆሮዬ ልክ አይደለም ብላ ራሷን መውቀስ ጀምራ ነበር።

አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ ሻጩ ግን ሶኬቱን ከቀየርንለት እንደሚሠራ ነገረን። እንደተባልነው አደረግን። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሶኬት መቀየር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ የማወራው ካርቶኑን ከውጭ አገር በዘመድ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ጥቅል ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ መሰካት የለበትም። ከአውሮፓ የሚመጣው በእኛው ቮልት ይሠራል። ከዱባይም የሚመጣው እንደዚያው ነው፤ የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት ስላለው ማገናኛ ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ «ምን ላምጣ?» ሲል የመጀመሪያው መልስ የጊታሩ ቀለም ሳይሆን «የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» መሆን ነበረበት።

ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ሊመጣ ሲል ከ200 እስከ 300 ዶላር ድረስ ለማውጣት ፈቃደኛ ስለነበር በዚህ ዋጋ አካባቢ ስም ያላቸውን ጥቅሎች አወዳደርን። የጊብሰን ኩባንያ ንብረት የሆነው ኤፒፎን ሌስ ፖል የተባለው የጊብሰን ጊታር ቅርጽ ያለው ጥቅል አለው፤ የክሩ ርዝመት 628 ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ ለትንሽ እጅ ትንሽ ይቀላል። ኢባኔዝ ጃምፕስታርት የሚለው ጥቅልም ጠንካራ ሙዚቃ ለሚወድ ልጅ የሚሆን ነው። ውሳኔያችን ግን በሁለት መካከል ቀረ፤ ፓሲፊካ 012 የተባለውን ጊታር የያዘው የያማሃ ጥቅልና የስኩዌር ሶኒክ ስትራቶካስተር ጥቅል። እውነቱን ለመናገር ያማሃው ቢመጣም ቅር አይለኝም ነበር፤ 22 ፍሬት ያለው ሲሆን ከብሪጁ (ክሮቹ ሰውነቱ ላይ ከሚያርፉበት ብረት) በኩል ያለው ፒካፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት በማግኔት የሚይዘው ክፍል፣ ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅልል በመሆኑ ከመብራት የሚመጣውን እምምታ ያፍናል። ስኩዌሩን ያስመረጠን የልጅቷ አስተማሪ የሚጫወቱበት ጊታር ያው ቅርጽ ያለው መሆኑ ነው፤ አስተማሪው በራሳቸው ጊታር ላይ የሚያሳዩዋት ነገር ሁሉ በእሷም ጊታር ላይ በዚያው ቦታ ይገኛል።

ስኩዌር የሚለው ስም ብዙዎች እንደሚያስቡት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ መጠሪያ አይደለም። ድሮ በአሜሪካ ክር ይሠራ የነበረ ድርጅት ስም ነው፤ የስትራቶካስተር አምራች የሆነው ፌንደር በ1965 ገዛው፣ በ1982 ደግሞ በርካሽ ለሚሸጣቸው ጊታሮቹ መጠሪያ አደረገው (ቀኖቹ በፈረንጆች ናቸው)። ሶኒክ የሚባለው ተከታታይ በ2023 ቡሌት የሚባለውን ተክቶ የወጣ ሲሆን ከስኩዌር ርካሾቹ አንዱ ነው። ሰውነቱ ከፖፕላር እንጨት፣ አንገቱ ከሜፕል የተሠራ ነው፤ 21 ፍሬት፣ 648 ሚሊሜትር የክር ርዝመት፣ ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል) ፒካፕና ባለ አምስት ቦታ መቀያየሪያ አለው። እንጨቱ ቀላል ስለሆነ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አንግታው አንድ ሰዓት ብትቆም ትከሻዋ አይዝልም፤ ይህን የምናገረው ሌሎች ጊታሮችን በተራ አስይዣት በሰዓት ተከታትዬ ስለሆነ ነው።

ስለ ድምፁ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙው የጀማሪ ጊታር ግምገማ የሚጻፈው ልጁ ሮክ ሊጫወት ነው በሚል ግምት ነው። የእኛ ቤት ፍላጎት ሌላ ነበር። በሙዚቃችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ቦታ ከጥንትም በአመዛኙ ያልተበረዘ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወታቸውን የጊታር መስመሮች የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሲንግል ኮይል ፒካፕ ደግሞ የሚያምርበት እዚያ ላይ ነው፤ ድምፁ ቀጠን፣ ጠራ ያለ ነው፤ ፒኩ ክሩን የነካበት ቅጽበት ይሰማል፤ መቀያየሪያው በአንገትና በመካከል መሃል ሲቆም ደግሞ ከክራር ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል። የልጅቷ አስተማሪ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ትዝታ ሙሉን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው በአንድ የእጅ አቀማመጥ አስያዟት፤ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ጀማሪ ጣት ቶሎ ይለምደዋል፣ ልጅቷም ኮርድ ገና ሳታጠራ የምታውቀው ዜማ ከእጇ ወጣላት። እውነት ነው፣ ፍሬት ያለው ጊታር ድምፁን በእኩል ርቀት ስለሚከፍለው የድምፃዊውን ወይም የማሲንቆውን ስስ ልዩነት አያወጣም፤ ክሩን በጣት ገፋ አድርጎ ማቅረብ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ለዚህም ቢሆን በላዩ ላይ ያለው 9 ቁጥር ስስ ክር ይታዘዛል።

ድምፅ ለማወዛወዝ ከብሪጁ ላይ የሚሰካውን ብረት ግን አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን ነቅለው ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ብረቱ በተነካ ቁጥር የክሮቹ ውጥረት ስለሚናጋ፣ ጀማሪ ይዞት ከተጫወተ የትምህርቱ ግማሽ በመቃኘት ያልቃል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ከጊታሩ ጋር የመጣው ፍሮንትማን 10ጂ አምፕሊፋየር 10 ዋት ነው፤ ስፒከሩ ስድስት ኢንች ሲሆን ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ፣ ድምፅ ማሻከሪያ፣ ከስልክ ሙዚቃ ማስገቢያና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው። ለመኝታ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ከከበሮ ጋር ለመጫወት ግን የተሠራ አይደለም፣ ይህን ከእሱ መጠበቅም አይገባም። ለእኛ የጠቀመን ስልክ ማስገቢያው ነው፤ ልጅቷ አስተማሪዋ የቀዱላትን ምት ከፍታ በላዩ ላይ ትጫወታለች፣ ማታ ደግሞ ማዳመጫውን ትሰካለች፣ ጎረቤትም ሰላም ያድራል። ወንድሜ ያመጣው የአሜሪካው ስለሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ገዛንለት፤ 100 ዋት የሚችለው ለዚህ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋስ? በቀጥታ ጊታሩ ላይ የሚሰካ፣ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቮክስ አምፕላግ የሚባል የጆሮ ማዳመጫ አምፕ አለ፤ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነው። ዛሬ ብጠየቅ ከአሜሪካ ለሚያስመጣ ሰው የምመክረው ሙሉውን ጥቅል ሳይሆን ጊታሩን ለብቻው ከዚህች ጋር ነው፤ ከሻንጣው ኪሎ ይቀንሳል፣ የትራንስፎርመር ጣጣም አይኖርም።

የቀሩትን ዕቃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። በዚህ ዋጋ የሚመጣ ቦርሳ ሁሉ ከአቧራ እንጂ ከመውደቅ አያድንም፤ ገመዱና ማንገቻው ይሠራሉ፤ ክር መቃኛው ቱነር በሁሉም ጥቅል ውስጥ አይገኝም፣ ነገር ግን ነፃ የስልክ መተግበሪያ ይተካዋል። ትርፍ ክር ግን አብሮ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ ሲገዙም ካርቶኑ ላይ ለኤሌክትሪክ ጊታር መሆኑን ማየት ይገባል። አንድ ጊዜ ክር ተበጥሶብን የተሸጠልን ወርቃማ መልክ ያለው የነሐስ ክር ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ለአኩስቲክ ጊታር የተሠራ ነው። ፒካፕ የሚሰማው በማግኔት ስለሆነና ማግኔት ነሐስን ስለማይስብ፣ ወፍራሞቹ ክሮች ድምፃቸው ከቀጭኖቹ ርቆ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ከሁሉ በላይ ገንዘቤ በደንብ ዋለ የምለው ግን ካርቶኑ ውስጥ በሌለ ነገር ላይ ነው። የዚህ ዋጋ ጊታር፣ የማንም ስም ይኑርበት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድ የሚያውቅ ሰው እጅ መስተካከል ይፈልጋል፤ በባሕር ማዶ እርጥበት የተሠራ እንጨት ወደ አዲስ አበባ ደረቅ በጋ ሲመጣ በትንሹ ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ጫፍም ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ እጅ ሊቧጭር ይችላል። አስተማሪው አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብረት በአለን ቁልፍ ጥቂት አዞሩት፣ የክሮቹን መቀመጫ ዝቅ አደረጉ፣ የነቷን ቦዮች በቀጭን ሞረድ አጠለቁ። እኔም ያችኑ ማስመሪያ አምጥቼ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አስጠጋኋት፤ 2 ሚሊሜትር አልሞላም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ፍሬት ተጭና ኮርድ ያዘች፤ ከዚያ ጣቶቿን ገልብጣ አየቻቸው።

አሁን የዘጠኝ ዓመቷ ታናሽ እህቷ ተራዋን እየጠበቀች ነው። ለእሷ 648 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጊታር ይበዛባታል፤ ክንዷ ሳትንጠራራ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አይደርስም። ስኩዌር ሚኒ ስትራት የሚባለው 578 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ባለፈው እሑድ ለወንድሜ መልእክት ላክሁለት፦ «ጋሼ፣ አሁን ካርቶኑ ይቅርብን፤ ሚኒውን ብቻ ከሁለት እሽግ 9 ቁጥር ክር ጋር ያዝልን፤ አምፑን ከእህቷ ጋር ይካፈላሉ።»