ለባህር ዳሩ የጀልባ ሞተር ባለሙያችን ምስጋና፣ ሞተር ላስቸገራችሁም ጥቆማ

ጣና ላይ በትንንሽ ሞተር ለምትሠሩ ሁሉ፣ ሰው ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ለምታመላልሱም ዓሣ ለምታሰግሩም፦ ባህር ዳር ወደቡ አካባቢ የጀልባ ሞተር የሚሠራውን ወንድማችንን እጅህ ይባረክ ልንለው ነው። ዕቃ ቀይሩ ከማለቱ በፊት ምክንያቱን ይፈልጋል።

ሞተር ተነስቶ ጥቂት ሄዶ ሲጠፋ ብዙዎች ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ለመፍታት ይቸኩላሉ። እሱ መጀመሪያ የሚያየው የቤንዚን ታንኩን ክዳን ነው። የአየር ማስገቢያዋ ከተዘጋች ሞተሩ ቤንዚን መሳብ ያቅተዋል፤ ቱቦው ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕም ተጣብቃ ትቀራለች። ክዳኑ ደህና ከሆነ ፓምፗን ደጋግሞ ይጨብጣል። አልጠነክር ካለች ወይ መጋጠሚያው አየር ይስባል፣ ወይ የፓምፗ ቫልቭ አልቋል። እስካሁን አንድ ቡሎን አልተፈታም!

ካንዴላ ጠቁሮና ረጥቦ ሲወጣ "ዘይት በዝቶ ነው" ብሎ አያልፈውም። ጣና ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከፋብሪካ በመጣው ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በምታሳልፈው ቀዳዳ) ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ስለዚህ ጄቱን በአነሰ ቁጥር ይቀይራል (ሞተሩ ቆላ ከወረደ የቀድሞው መመለስ አለበት)። ዘይት መቀነስ ግን ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቃል። የ"ቱ ስትሮክ" (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት) ሞተራችሁ መመሪያ 50 ለ 1 ካለ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ በግምት አይጨመርም።

እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ዋናው ጣጣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ሥሩ የውሃ ማስገቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ከደከመ ወዲያው አጥፉ። ባለሙያው ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ) አውጥቶ መዳፉ ላይ ያሳያችኋል፦ ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ከቀሩ አልቋል፣ ጠርዙ ከተቃጠለ ያለ ውሃ ተነስቷል ማለት ነው። ከክንፉ ቁራጭ ከጎደለ ደግሞ ቁራጩን ሳያገኝ ሞተሩን አይገጥምም፤ ወደ ላይ ሄዶ የማቀዝቀዣውን መንገድ ይዘጋልና። እኛ በጣም የምናከብርለት ይህን ነው።

የማርሽ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ የመረብ ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ሲሉን (ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ) በልቶት ነው። ሲሉን ከቀየረ በኋላ ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ ይሞላል፣ ከላይኛው እስኪወጣ። ከዚያ ላይኛውን ቀድሞ፣ ታችኛውን አስከትሎ ይዘጋል። ከላይ የሚሞላ ሰው አየር ውስጥ አስቀርቶ ጎዶሎ ይዘጋዋል።

ዋጋውን ሳይጀምር ይነግራችኋል፤ አሮጌውን ዕቃም ይመልስላችኋል። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ሠሪውን ብትሉ ያሳዩአችኋል። ስትሄዱ ታንኩንና ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እነሱ ሞተሩን ብቻ አያይላችሁም።