ደሴ ባዛልት ላይ የሚያዋጣው ኮምፓስ፣ መዶሻና ሌንስ፦ ለጂኦሎጂ ተመራቂዎች

በጂኦሎጂ በማዕረግ ለመመረቅ በብዙ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቀው ጠቅላላ ነጥብ ከ3.25 ይጀምራል። 3.50 ከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ያሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 ከመቶ ማለፍም ግድ ሆኗል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ትኩረት የሚነፈገው የመመረቂያ ጥናቱ ነው። የጥናቱ ልብ ካርታው ነው፤ ካርታው የሚበላሸው ግን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ገና መስክ ላይ፣ በተሳሳተ ንባብ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ዕቃዎች የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ዐለት ላይ የሚታመን ቁጥር ይሰጣሉ ወይ?

ዐለቱ ራሱ ፈታኝ ነው። የደሴ ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት (ከቀዘቀዘ ላቫ የተሠራ ጥቁር ዐለት) ናቸው፤ ኮምቦልቻ የተቀመጠችበት የቦርከና ሸለቆ ደግሞ በአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ በፎልቶች (ዐለቱ ተሰብሮ በተንሸራተተባቸው ስንጥቆች) መሃል የሰመጠ ግራበን ነው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማግኔትነት ያለው የብረት ማዕድን አለ። ማግኔታይት ባለበት ኮምፓስ ሊዋሽ ይችላል፤ የስልክ ኮምፓስም እንዲሁ።

ከስልኩ እንጀምር፣ ብዙ ተማሪ እጁ ላይ ያለው እሱ ነውና። እንደ ፊልድሙቭ ክላይኖ ያሉ መተግበሪያዎች ስትራይክን (ያዘነበለው የዐለት ንጣፍ ላይ ያለውን አግድም መስመር አቅጣጫ) እና ዲፕን (ንጣፉ ወደ ታች ያዘነበለበትን ማዕዘን) በሰከንዶች ውስጥ ይመዘግባሉ፣ ቦታውንም አብረው ይይዛሉ። ዲፑ ጥሩ ነው፤ ስልኩ ዘንበል ማለቱን የሚለካው በመሬት ስበት ስለሆነ የዐለቱ ማግኔት አይነካውም። ችግሩ ስትራይኩ ላይ ነው። ርካሽ ስልኮች ጭራሽ የማግኔት መለኪያ የሌላቸው አሉ፣ ስለዚህ መተግበሪያውን ከመጫን በፊት ስልኩ ኮምፓስ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መለኪያው ያለው ስልክም በማግኔት የሚዘጋ ሽፋን ከለበሰ ንባቡ ዋጋ የለውም። ሽፋኑን አውልቁ፤ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርፅ እየሠራችሁ አስተካክሉት፤ ይህንንም ጧት አንዴ ሳይሆን በየጣቢያው (ቆማችሁ በምትለኩበት ቦታ ሁሉ) ድገሙት። ሌላው የሚረሳው የካሜራው ጉብታ ነው። ስልኩን በጀርባው ዐለቱ ላይ ስታስቀምጡት ጉብታው ያዘነብለዋል፣ ዲፑም በጥቂት ዲግሪ ይሳሳታል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ዐለቱ ላይ አድርጋችሁ፣ ጉብታው ከደብተሩ ጠርዝ ውጭ እንዲቀር ስልኩን ደብተሩ ላይ አስተኙት።

ጂኦሎጂስቶች መስክ ላይ የሚይዙት ብራንተን ኮምፓስ ከስልክ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን ከማግኔት ነፃ ስለሆነ አይደለም፣ ስህተቱን ለማጋለጥ ስለሚመች ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ከሀ ነጥብ ወደ ለ አልሙና አንብቡ፣ ከዚያ ለ ላይ ቆማችሁ መልሳችሁ ወደ ሀ አንብቡ። ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ መራራቅ አለባቸው። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ በላይ ከተዛባ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ዐለቱ መርፌውን እየሳበው ነው። እንዲህ ሲሆን ኮምፓሱን ዐለቱ ላይ ከማስደገፍ ይልቅ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ በስትራይኩ አቅጣጫ ማለም ይሻላል። ሌላው ማረጋገጫ የጦሳ ተራራ ነው፦ ከደሴ ዙሪያ ከብዙ ቦታ ስለሚታይ የቆማችሁበትን ነጥብ በጂፒኤስ ይዛችሁ ወደ ጦሳ ጫፍ ያለውን አቅጣጫ ከካርታው አስሉና ከኮምፓሱ ንባብ ጋር አስተያዩት። መብረቅ በሚመታቸው ጫፎች ላይ ስህተቱ በአሥር ዲግሪዎች ሊቆጠር ይችላል፤ እዚያ ላይ ዲፑን ብቻ መዝግቡ፣ ስትራይኩን ከካርታ ውሰዱ።

ከውጭ የመጣ ብራንተን ሲገዛ ወይም በውሰት ሲገኝ አንድ ጉድለት ይኖረዋል። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ኮምፓሶች መርፌ የሚመጣጠነው ማግኔታዊው መስመር ወደ መሬት በጣም ለሚያዘነብልበት አገር ነው። መስመሩ ጭራሽ የማያዘነብልበት ማግኔታዊው ወገብ ደግሞ በእኛው አገር በኩል ያልፋል። ስለዚህ እዚህ የመርፌው ደቡባዊ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ መስታወቱን ወይም ወለሉን ይልሳል፣ መርፌውም መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ክዳኑ ተከፍቶ መርፌው ላይ የተጠመጠመችው ቀጭን የብረት ያልሆነች ሽቦ ወደ መሃል ጥቂት ብትገፋ ይስተካከላል። ይህን ጊዜ ሰጥቶ መሥራት ለሚችል ሰው ስጡ እንጂ መስክ ላይ በጥፍር አትሞክሩት። ኮምፓሱ የሚያሳየው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ያለው ልዩነት በዚህ አካባቢ ወደ 3 ዲግሪ ምሥራቅ ይጠጋል፤ ማስተካከያው ኮምፓሱ ላይ ተደርጎ ከሆነ መተግበሪያው ላይ ያለውም እኩል መሆኑን እዩ፣ ያለዚያ ሁለት ዓይነት መረጃ አንድ ካርታ ላይ ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ጂፒኤስ አንድ ነገር። የ1፡50,000 የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መነሻ) የተሠሩ ናቸው፤ ስልኩ ግን በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ያነባል። ሳይቀየር ከተጻፈ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በጠባብ ግራበን ላይ 200 ሜትር ማለት ናሙናው ከፎልቱ ማዶ ተሻገረ ማለት ነው፤ ይህን ገምጋሚ ወዲያው ያየዋል።

መዶሻ ላይ ያለን አቋም ቁርጥ ነው። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው የግንበኛ መዶሻ ለባዛልት አልተሠራም፤ እጀታው እንጨት ስለሆነ ይላላል፣ ራሱም ሲሸራረፍ የብረት ፍንጣሪ ወደ ዓይን ይልካል። ብየዳ ቤት በቧንቧ እጀታ የሚሠራው ደግሞ ምቱን ሁሉ ወደ እጅ ያስተላልፋል፣ ብየዳውም በጊዜ ይሰነጠቃል። እንደ ኤስትዊንግ ያለው ከራስ እስከ እጀታ አንድ ወጥ ብረት የሆነ፣ ራሱ 620 ግራም ገደማ የሚመዝን መዶሻ ዋጋው ቢከብድም ሦስትና አራት ሆናችሁ ብትገዙት ያዋጣል። መነጽር ሳይደረግ አይመታም፤ መዶሻን በመዶሻ መምታትም ክልክል ነው። ባዛልቱን ሜዳ ፊቱ ላይ አትምቱት፣ ጠርዙን ፈልጉ።

ሌንስ በጣም የሚጭበረበርበት ዕቃ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ በትክክል የሚያሳየው ዐለቱ ወደ 2.5 ሳንቲሜትር ሲጠጋ ነው። «30» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ሌንስ በ5 ሳንቲሜትር ላይ ጥርት አድርጎ ካሳየ በእውነቱ 5 እጥፍ ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ። አሥር ይበቃል፤ 20 እጥፍ ጠባብና ጨለማ ነው። ሌንሱን ከዓይን አስጠግቶ ዐለቱን ወደ ሌንሱ ማምጣት እንጂ ሌንሱን ዐለት ላይ አስደግፎ ማየት አይሠራም። አዲስ የተሰበረ ፊት ላይ ኦሊቪን የተባለው ማዕድን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሲበሰብስ ወደ ቀይ ቡናማ ይቀየራል፣ ተማሪም የብረት ዝገት ብሎ ይጽፈዋል።

የባዛልቱን ቀዳዳዎች የሞላው ነጭ ማዕድን ካልሳይት ይሁን ዚዮላይት ለመለየት አሲድ ያስፈልጋል። 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ 9 እጅ ውሃ ማድረግ ይበቃል፤ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው። ካልሳይት ይፈላል፣ ዚዮላይት ዝም ይላል። አሲድ ካልተገኘ አቼቶም ይሠራል፤ ግን ማዕድኑን በቢላ ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጉና በሌንስ ተመልከቱት፣ አረፋው በጣም ትንሽ ነው። በረኪና ምትክ አይሆንም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። አሲዱን ከ30 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ማንጠባጠቢያ ጠርሙስ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ከደብተሩ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ጊዜን በተመለከተ፦ ወሎ ላይ በልግ የካቲት ላይ ሊጀምር ይችላል፣ የሁለተኛው ሴሚስተር መስክም እዚያው ላይ ይወድቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ጊዜ የተጠቀመ ሰው በሁለት የላቫ ፍሰቶች መሃል ያለውን ቀይ የተጠበሰ አፈር በደንብ ያገኘዋል፤ የፍሰቱን ዲፕ መለካት ያለበትም እዚያ ላይ ነው እንጂ ባዛልቱ ሲቀዘቅዝ በፈጠራቸው ስንጥቆች ላይ አይደለም። በአንድ ጣቢያ ከ5 እስከ 10 ንባብ ውሰዱ።

ካርታው ሲታተም ማተሚያ ቤቱ «ወረቀቱን ይሙላ» የሚለውን እንዳይመርጥ ቆማችሁ እዩ፤ ከመረጠ 1፡50,000 ብላችሁ የጻፋችሁት ውሸት ይሆናል። ካርታው ላይ የመስመር ሚዛን አስገቡ፣ ከታተመ በኋላም በማስመሪያ ለኩት፦ 1 ኪሎ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ካልሆነ እንደገና ይታተም።