የምክር አገልግሎት ለእኛ ለሳይረን ሰዎች፦ አንድ የደሴ አምቡላንስ ሹፌር እንዳየው

አምቡላንስ ነጂ ነኝ። መስመሬ ደሴና ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም ሐይቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የሥነ ልቦና ምክር መከታተል ከጀመርኩ ቆየሁ። የአምቡላንስ ነርሶች፣ የእሳት አደጋ ልጆች፣ ትራፊኮች ሳይቀሩ "ይጠቅማል ወይ?" እያላችሁ ታስቆሙኛላችሁ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ባጭሩ ሕክምናው ጥሩ ነው። አቀባበሉና ሰዓቱ ግን መስተካከል አለበት።

ሐረጎን ታውቁታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን ጥምዝ በጥምዝ፣ ቁልቁለት በቁልቁለት። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ፍሬኑን ሲረግጥ ሲረግጥ ይግላል፤ ያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም መንገዱን ይሞላዋል። ለሌላው ሰው ሽታ ብቻ ነው። እኔ ግን ፍሬን እምቢ ካለው አንድ መኪና ሥር ሰው ካወጣሁ ወዲህ፣ ሽታው በመጣ ቁጥር እጄ መሪው ላይ ይደርቃል። ነርሷ ስትጠራኝ አልሰማትም። ሽታው ደግሞ በዓመት አንዴ የሚመጣ አይደለም፤ የሥራ ቦታዬ ነው።

ሰው ሁሉ "አብሽር፣ ያልፋል" ይለኛል። ወሎ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ጓደኞቼ ደግሞ ያንኑ የታወቀ መድኃኒት አዘዙልኝ፦ ቀን ጫት፣ ማታ የጫቱን ምርቃና የሚሰብር መጠጥ፣ ጨብሲ።

የክሊኒኩ ባለሙያ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። እሷ አብሽር አላለችኝም። ወረቀት አወጣች። 20 ጥያቄ ነው፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም። "ራስዎን ያምዎታል? እንቅልፍስ? ምግብ ይበላልዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ቶሎ ይደነግጣሉ?" ሕይወቴን ለማጥፋት አስቤ እንደሆነ የሚጠይቀው ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፣ ዘላም አላለፈችውም። ልክ እንደ ራስ ምታቱ አድርጋ ጠየቀችኝ። እዚያ ላይ ነው ያመንኳት።

ከዚያ በፊት የቀመስኩት "ሕክምና" ሌላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ድርጅት ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። በክብ አስቀምጠው "ያያችሁትን ከባድ ነገር በየተራ ተናገሩ" አሉን። አጠገቤ የነበረው ልጅ ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። እኛም አበላችንን ፈርመን ተበተንን። ይህን ለሲስተር ስነግራት አልገረማትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ባወጣው ምክር፣ ሰው ከአደጋ እንደወጣ ሰብስቦ ማስተረክን ለመከላከያ ብላችሁ አትጠቀሙበት ብሏል አለችኝ። እሷ ጋ ማስገደድ የለም። ስፈልግ እናገራለሁ፤ ካልፈለግኩ ስለ ኩላሊት ጠጠሬ እናወራለን።

ሌላም ነገር አስረዳችኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና ቅዠት ቢኖር በሽታ አይደለም፣ ብዙው ሰው እየቆየ ይረጋጋል። ከአንድ ወር አልፎ ሥራና እንቅልፍ ሲነሳ ግን መታየት ይገባል። ስለ ጫቱም አልሰበከችም። ጫት እንቅልፍ ይከለክላል፣ መጠጡ ቶሎ ያስተኛና ሌሊት ያነቃል ብላ ተወችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጀመሪያ አተነፋፈስ አስተማረችኝ። አየር ሲገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማስወጣቱን ማስረዘም ነው። "ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?" ብዬ ነበር፤ አሁን ሆስፒታል በር ላይ በሽተኛ እስኪረከቡኝ ስጠብቅ እሠራዋለሁ። ቀጥላ አምስት የሚታይ ነገር፣ አራት የሚዳሰስ፣ ሦስት የሚሰማ እያሉ መቁጠር አለችኝ። "ሲስተር፣ እየነዳሁ እኮ ነው! ጥምዝ ላይ ቁጭ ብዬ ልቁጠር?" አልኳት። ሳቀችና ወደ አንድ አወረደችው፦ የማርሹን እጀታ ጨብጦ ቅዝቃዜውን ልብ ማለት። ይቺ ለሹፌር ትሆናለች።

ከዚያ ሽታውን ራሱን ማላመድ ጀመርን። ከጋራዥ ያረጀ የፍሬን ሸራ በፌስታል ቋጥሬ እንድመጣ አዘዘችኝ። የጋራዡ ልጅ "ለምንህ ነው ጋሼ?" ሲለኝ "ለሐኪም" ብዬው አፍጥጦ ቀረ። ሸራውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ ፌስታሉ እንደተቋጠረ አየሁት። ሌላ ቀን ፈታነው። ሌላ ቀን በእጄ ይዤ አሸተትኩት፤ ላቤ ወረደ፣ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ላቡ እስኪያቆም ጠበቀች። በኋላ በእረፍቴ ቀን ሐረጎ ላይ ተሳቢዎቹ ሲወርዱ እያየሁ ሻይ እንድጠጣ ላከችኝ። ሽታው ዛሬም አለ። እጄ ግን ይታዘዘኛል።

አሁን ወቀሳው። እንግዳ ተቀባዩዋ ኮሪደር ላይ ቆማ "የአእምሮ ካርድ ያላችሁ!" ብላ ትጮኻለች። ወረፋው ላይ ደግሞ የሰፈር ሰው ሞልቷል፣ ሌሊት ለወሊድ ያመላለስኳቸው እናቶችም አሉ። ደሴ እኮ ትንሽ ናት፤ ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድማ ሰምታለች። አንድ የእሳት አደጋ ልጅ ለምኜ ይዤው ሄጄ፣ ጥሪውን ሲሰማ ከደረጃው ላይ ተመለሰ። እስካሁን አልመጣም። ለሲስተር ነግሬያት በቁጥር መጥራት ጀምረዋል፤ ያቺ ልጅ ተረኛ ካልሆነች።

ሰዓቱም ለእኛ የተሠራ አይደለም። ጠዋት 2፡30 ተከፍቶ 11፡30 ይዘጋል። ሌሊት ያደረ ሰው ተኝቶ ሲነቃ በሩ ሊዘጋ ነው። ከሳምንት አንድ ማታ ቢከፍቱ ከእሳት አደጋም ከትራፊክም ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ክፍያው ለአንድ ቀጠሮ 400 ብር ነው፣ 45 ደቂቃ። ድንገተኛ ጥሪ መጥቶ ከመሃል ተነስቼ ብሮጥም ሙሉውን አስከፍለውኛል፤ ቅር ብሎኛል።

ጓደኛችሁ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ይህን ክሊኒክም ቀጠሮም አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ለሌላው ከምሳ በኋላ ሂዱ፣ ወረፋው ይቀላል። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ የእናንተ መሥሪያ ቤት ይሸፍን ይሆናል። የእኔው "በጀት የለውም" ብሎኛል።